ክንፉ በ5 ጂ ለምን ተሰበረ? ተገልብጦ መብረሩስ ለምን አዳነው?

ጥያቄው፦ «የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ። አንድ እንግሊዛዊ አብራሪ አክሮባቲክ ሲሠራ የክንፉ ማያያዣ ተሰብሮበት፣ አውሮፕላኑን ገልብጦ በመብረር ተረፈ ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ መገልበጡ ክንፉን እንዴት ያዘለት? 6 ጂ ይችላል የተባለ አውሮፕላንስ እንዴት ከዚያ ባነሰ ጭነት ይሰበራል? ደግሞ አንድ አውሮፕላን ከገደቡ በላይ ተስቦ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ቢመለስ፣ ከየት ጀምሬ ምኑን ልፈትሽ?»

ምላሽ፦ እውነት ነው። አብራሪው የእንግሊዝ የአክሮባቲክ ሻምፒዮን የነበረው ኒል ዊሊያምስ ነው። አውሮፕላኑ ቼኮዝሎቫኪያ ሠራሹ ዝሊን 526፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1970፣ ቦታው በዊልትሸር የሚገኘው የሃላቪንግተን አየር ማረፊያ ነበር። በቀጣዩ ወር እዚያው ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና እየተለማመደ ሳለ፣ አፍንጫውን ወደ አድማስ ለመመለስ 5 ጂ ገደማ (ማለትም የክብደቱን አምስት እጥፍ ጭነት) ሲስብ ኃይለኛ ድምፅ ሰማ። አውሮፕላኑ ተናወጠና ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ፤ ወደ ቀኝ ቢይዘውም አልታዘዝ አለ። ዞር ብሎ ሲያይ የግራ ክንፉ ከሥሩ ወደ ላይ እየታጠፈ ነበር። ከፍታው ዝቅተኛ ስለነበር መዝለል አይታሰብም።

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለው አንድ የቡልጋሪያ አብራሪ ነው። የዚያ ሰው ቀደም ያለ ዝሊን ተገልብጦ እየበረረ ሳለ የላይኛው ማያያዣ ተሰብሮበት፣ አውሮፕላኑ ወደ ትክክለኛው አቋም ሲመለስ ክንፉም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ዊሊያምስ ነገሩን ገልብጦ አሰበው። የእኔ የተሰበረው የታችኛው ከሆነ፣ መዳኛው መገልበጥ ነው አለ። ያዘነበለውን አውሮፕላን ለማቃናት ከመታገል ይልቅ ወደዚያው ወደ ግራ አንከባለለው፤ ስቲኩንም፣ ማለትም የእጅ መሪውን፣ ወደፊት ገፋው። ክንፉ በሌላ ኃይለኛ ድምፅ ወደ ቦታው ገባ። ሞተሩ ለአፍታ ጠፍቶ ነበርና ተገልብጦ እያለ መልሶ አስነሣው፤ እንደተገለበጠም ከፍታ ያዘ። ቀጥ አድርጎ ለማየት ሲሞክር ክንፉ እንደገና መታጠፍ ስለጀመረ ወደ ግልብጡ ተመለሰ። ተገልብጦ ወደ ሜዳው ቀረበ፣ መሬት ሊነካ ሲል አንከባለለው፣ ጎማ ሳያወጣ በሆዱ አሳረፈው። ሳይጎዳ ወጣ። ምርመራው ያሳየው በግራ ክንፍ ሥር የነበረው የታችኛው ማያያዣ በብረት ድካም፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጭነት ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ፣ መሰበሩን ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ክንፍ በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ የቀረ ተሸካሚ ነው። ሸክሙን ከክንፉ ወደ አውሮፕላኑ አካል የሚያደርሰው ስፓሩ ነው፤ ስፓር ማለት ከላይና ከታች ሁለት ወፍራም ዘንጎች ኖረውት በመካከላቸው ቁም ላሜራ ያለው አጥንት ነው። አውሮፕላኑ በተለመደው አቋም ሲስብ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። ያን ጊዜ የላይኛው ዘንግ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይጎተታል። በሥሩ ላይ ያሉት ማያያዣዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የላይኛው የሚገፋፋ፣ የታችኛው የሚጎተት።

መጠኑን ለማየት የሚመች ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲቀሉ የተመረጡ እንጂ የዝሊን ልኬቶች አይደሉም። አውሮፕላኑ 800 ኪሎ ነው፣ 5 ጂ ይስባል። ጠቅላላው ማንሻ (አየሩ ክንፎቹን የሚያነሣበት ኃይል) 4000 ኪሎ፣ በአንድ ክንፍ 2000 ኪሎ ይሆናል። የዚያ ኃይል መካከል ከሥሩ 2 ሜትር ቢርቅና የላይኛውና የታችኛው ማያያዣ በ20 ሳንቲሜትር ቢለያዩ፣ የታችኛው ማያያዣ የሚጎተተው በ20 ቶን ነው። የክንፉ የራሱ ክብደት ይህን በመጠኑ ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን መልኩ አይለወጥም። የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ክብደት በጥቂት ቡሎኖች ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የታችኛው ማያያዣ ሲበጠስ ክንፉ ወዲያው አይገነጠልም። የላይኛው ማያያዣ እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ይቀርና ክንፉ በእሱ ዙሪያ ወደ ላይ ይታጠፋል። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ግን አየሩ ክንፉን የሚገፋው ከአውሮፕላኑ አንጻር ወደ ታች ነው። የላይኛው፣ ማለትም ያልተነካው፣ አሁን ተጎታች ይሆናል። የተበጠሰው የታችኛው ደግሞ ተጨማቂ ይሆናል። ለመጎተት ሁለቱ ጫፎች የተያያዙ መሆን አለባቸው፤ ለመጨመቅ ግን መነካካት ብቻ ይበቃቸዋል። ዊሊያምስ የሰማው ሁለተኛው ድምፅ ሁለቱ የተሰበሩ ፊቶች ሲገጥሙ ነው። በዚያ ላይ በዝግታ ተገልብጦ ሲበረር ጭነቱ 1 ጂ ብቻ ስለሆነ፣ በምሳሌያችን 20 ቶን የነበረው ወደ 4 ቶን ይወርዳል።

ይህን ታሪክ እንደ አጠቃላይ መድኃኒት መውሰድ አደገኛ ነው፤ ብዙ ሰው ሲያወራው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ብልሃቱ የሚሠራው ስብራቱ የጉተታ ስብራት ሲሆን፣ ሌላኛው ማያያዣ ሲተርፍና ክንፉ ያለ ደጋፊ ምሰሶ በሥሩ ብቻ የተያዘ ሲሆን ነው። የእንጨት ስፓር ስትስቡ የላይኛው ዘንግ ተጨምቆ ቢፈጭ፣ መገልበጥ የተፈጨውን የእንጨት ቃጫ ወደ ጉተታ ይከተዋል፤ በዝግታ በ1 ጂ ቢበረር ሊይዝ ይችል የነበረውን ሊገነጥለው ይችላል። ከሥር በምሰሶ የተደገፈ ክንፍ ምሰሶው ቢላቀቅ መገልበጥ ምን እንደሚያመጣ የሚወሰነው ምሰሶው የቱ ጋ እንደተላቀቀ ነው። ለአብራሪው የሚጠቅመው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ድምፁ የመጣው ስስብ ነው ወይስ ስገፋ? መጀመሪያ የሰበረውን ጭነት ማንሣት ነው፤ ስቲኩን ማላላት። ወደ ተቃራኒው ጭነት መሄድ የሚመጣው በ1 ጂ እንኳ ክንፉ አልያዝ ሲል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ 6 ጂ የሚችል እንዴት በ5 ይሰበራል የሚለው፣ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። በአሜሪካው የቀድሞ የአነስተኛ አውሮፕላን ደንብ መሠረት የአክሮባቲክ ምድብ አውሮፕላን ቢያንስ +6 እና -3 ጂ መቻል አለበት፤ የዩቲሊቲ ምድብ +4.4፣ ተራው ምድብ +3.8 ነው። ሴስና 150 ኤሮባት +6 እና -3፣ ሱፐር ዴካትሎን +6 እና -5፣ ኤክስትራ 300 አንድ ሰው ሲጭን እስከ 10 ጂ በሁለቱም አቅጣጫ። እነዚህ የሥራ ገደቦች ናቸው፤ እዚያ ድረስ ዘላቂ መጣመም መኖር የለበትም። ከዚያ በላይ በ1.5 የተባዛ የመጨረሻ ጭነት አለ። ለ6 ጂ አውሮፕላን 9 ጂ ነው፤ አካሉ ያንን ቢያንስ ለ3 ሰከንድ ሳይሰበር መቻል አለበት። ልብ ይበሉ፣ ሳይሰበር እንጂ ሳይጣመም አልተባለም። በ6 እና በ9 መካከል ያለው ክልል አውሮፕላኑን ወደ ሜዳ ይመልሰዋል፤ እንደነበረ ግን ላይመልሰው ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች ደግሞ ለአዲስ አካል፣ ለአንድ ጊዜ ጭነት፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል ለተሸከሙበት ሁኔታ ናቸው። ሽቦን አንድ ጊዜ ብታጥፈው አይሰበርም፤ ደጋግመህ ወዲያና ወዲህ ብታጥፈው እያንዳንዱ ማጠፍ ከመጀመሪያው ሳይበረታ ይሰበራል። የብረት ድካም የሚባለው ይኸው ነው። ክብ ቀዳዳ ባለበት የተጎተተ ላሜራ፣ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ በግምት ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከቡሎን ቀዳዳ፣ ከሪቬት (ላሜራ ከሚያያዝበት ምስማር) ቀዳዳ ወይም ውፍረት በድንገት ከሚቀየርበት ጥግ ነው። ቡሎኑ ትንሽ ከላላ በየጭነቱ በፀጉር ስፋት ይንቀሳቀሳል፣ ፊቱን ይፍቃል፣ የተፋቀው ቦታ የስንጥቁ መነሻ ይሆናል።

የድካም ሂሳብ ጨካኝ ነው። ለአልሙኒየም ማያያዣዎች ዕድሜ በግምት ከውጥረቱ አራተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒው ይሄዳል ብለው ቢያስሉ፣ ጭነቱን በ20 በመቶ መጨመር ዕድሜውን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ እጥፍ ማድረግ ደግሞ ወደ አሥራ ስድስተኛ ያወርደዋል። በማሠልጠኛ ውስጥ በ3 ጂ ሉፕ (ቁም ክብ) የሚሠራ አውሮፕላንና በውድድር ከ+6 ወደ -4 የሚወረወር አውሮፕላን በሰዓት መዝገባቸው ላይ እኩል 500 ሰዓት ሊኖራቸው ይችላል። ክንፎቻቸው ግን እኩዮች አይደሉም። የዝሊን 526 ዘር ከ1947ቱ ማሠልጠኛ ዝሊን 26 ይጀምራል። በ1960 በብራቲስላቫ የተደረገውን የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ላዲስላቭ ቤዛክ ያሸነፈው በዚህ ዘር አውሮፕላን ነው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በየዓመቱ ወደ ከባድ ግልብጥ እንቅስቃሴዎች አዘነበለ። ግልብጥ በረራ ሲበዛ እያንዳንዱ ማያያዣ ጉተታና ግፊትን ይፈራረቅበታል፤ ይህ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚጎተት ማያያዣ የከፋ ነው።

ይህ በዝሊን ብቻ የታየ አይደለም። ለአየር ላይ ፍልሚያ ጨዋታ ይሠራባቸው ከነበሩት የአሜሪካ ቢችክራፍት ቲ-34 ማሠልጠኛዎች አንዱ በ1999 በጆርጂያ ክንፉን አጣ፤ በ2003 እና በ2004 በቴክሳስ ተመሳሳይ አደጋዎች ደረሱ። መነሻው የስፓር ድካም ነበር። በፈረንሣዩ ካፕ 10 ቢ የእንጨት ስፓር ላይ ስንጥቆች በመገኘታቸው የጂ ገደቡ ተቀነሰ፤ በኋላ የመጣው ካፕ 10 ሲ ስፓሩ በካርቦን ተጠናክሮ ወጣ።

ድካም የሌለበትን አዲስ ክንፍም በአንድ ቀን መጉዳት ይቻላል። እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። አውሮፕላኑ በ50 ኖት የሚቆም፣ ማለትም ማንሻውን የሚያጣ ከሆነ፣ የመሳቢያ ፍጥነቱ 50 ሲባዛ በ6 ካሬ ሥር፣ ወደ 122 ኖት ነው። ከዚያ በታች ስቲኩን በሙሉ ቢስቡ 6 ጂ ከመድረሱ በፊት ክንፉ ማንሻውን ያጣል፤ ራሱን ያድናል። በ150 ኖት ግን ፍጥነቱ የመቆሚያው ሦስት እጥፍ ነው፤ ሦስት በሦስት 9 ጂ ይሆናል፤ የመጨረሻው ጭነት እዚያ ነው። ሰዎች ወደዚህ የሚገቡት በትርኢቱ መካከል አይደለም። በተበላሸ ሮል (በመንከባለል እንቅስቃሴ) ተገልብጠው ሲቀሩ፣ አፍንጫው ሲወርድና ከማንከባለል ይልቅ ስቲኩን ወደ ሆዳቸው ሲስቡ ነው። ፍጥነቱ ይከማቻል፣ መሬት ይቀርባል፣ እጅ ይበረታል።

የመሳቢያ ፍጥነት የተጻፈው ለሙሉ ክብደት መሆኑን አይርሱ። አውሮፕላኑ ሲቀል የመቆሚያ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የመሳቢያ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። ደግሞም ጥበቃው ለአንድ አቅጣጫ፣ ለአንድ መሪ፣ ለአንድ ጊዜ ነው። በ2001 በኒው ዮርክ የአሜሪካን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300 ቋሚ ጅራቱ የተገነጠለው ራደሩ (በቋሚ ጅራቱ ላይ ያለው የግራና ቀኝ መሪ) ወዲያና ወዲህ በሙሉ ሲወረወር ነው፤ ፍጥነቱ ከመሳቢያ ፍጥነቱ በታች ነበር።

በመሳብ ላይ መንከባለልን መጨመር ደግሞ የብዙዎች ስውር ስህተት ነው። ኤለሮን (በክንፎቹ ኋላ ጠርዝ ያለው የማንከባለያ መሪ) ሲሰጥ የሚወጣው ክንፍ ከሚወርደው ይበልጥ ይሸከማል። መሣሪያው የሚያሳየው የሁለቱን አማካይ ነው። ስለዚህ ከመንከባለል ጋር የሚሳበው ከገደቡ ሁለት ሦስተኛ እንዳያልፍ ማድረግ ደህና ልማድ ነው፤ ለ6 ጂ አውሮፕላን 4 ጂ። ጂ ሜትሩ 5.5 ብሎ፣ የውጪኛው ክንፍ ግን ገደቡን አልፎ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ መሣሪያው 150 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ ወደ 168 ኖት ይሄዳል። የጂ ጭነቱ ከሚታየው ፍጥነት ጋር ስለሚሄድ አይለወጥም፤ የመመለሻው ክብ ግን በ25 በመቶ ይሰፋል። በባሕር ጠለል በ150 ኖት፣ በክቡ ታችኛ ነጥብ ላይ 4 ጂ የሚስብ አውሮፕላን የክቡ ሬዲየስ 200 ሜትር ገደማ ከሆነ፣ እዚህ 250 ይሆናል። ቆላ የተማረ አብራሪ ደጋ ላይ የለመደውን ክብ ለማግኘት ሲል ነው ከልክ በላይ የሚስበው። የክንፍ መርገብገብ የሚባለው አደጋም በዋናነት የሚከተለው እውነተኛውን ፍጥነት ስለሆነ፣ በከፍታ ላይ ወደ ቀዩ መስመር (ፈጽሞ ወደማይታለፈው ፍጥነት) መጠጋት ቆላ ላይ እንደመጠጋት አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ፤ አውሮፕላኑ ከገደቡ አልፎ ተመልሷል።

በመጀመሪያ ጂ ሜትሩን ማን፣ መቼ እንዳነበበው ይጠይቁ። ሦስት መርፌዎች አሉት፤ አንዱ አሁን ያለውን፣ ሁለቱ የደረሰበትን ከፍተኛና ዝቅተኛ ያሳያሉ። ከማረፍ በፊት ካልተነበበ ጠንካራ ማረፍ ወይም ጉድጓድ መርፌውን ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ከበረራው በፊት ወደ መነሻው፣ ወደ 1 ጂ፣ ካልተመለሰም የትላንትናውን ነው የሚያነቡት። ከዚያ አብራሪውን ይጠይቁ፦ ስንት ፍጥነት ላይ ነበር? እየተንከባለለ ነበር? ድምፅ ሰማ? ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ይጎትት ነበር? ይህን መልስ በጽሑፍ ይያዙ። አብራሪዎች በማግስቱ የሚያስታውሱት ቁጥር ሁልጊዜ ያነሰ ነው።

አውሮፕላኑን አታጥቡት። ይህን ደጋግሜ የምለው ማስረጃው ቆሻሻው ውስጥ ስለሆነ ነው። የሚንቀሳቀስ የአልሙኒየም ሪቬት ከጀርባው ጥቁር የጭስ መስመር የመሰለ ዱቄት ይተዋል። ብረት ከብረት ሲፋተግ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። በቡሎንና በዳዶ ላይ የተቀባው የመለያ ቀለም መስመር ተቆርጦ ከሆነ ዳዶው ዞሯል። አንድ መጥረጊያ ጨርቅ ይህን ሁሉ ይወስደዋል። አስቀድመው ፎቶ ያንሱ።

በብረት ክንፍ ላይ፣ ከጫፉ ጎን ቆመው የእጅ ባትሪ በላሜራው ላይ በአግድም ያብሩ። ስትስቡ የላይኛው ላሜራ ስለሚጨመቅ ዘላቂ ሽብሽብ የሚገኘው በላይኛው በኩል፣ በሥሩ አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰያፍ ነው። ቀጭን ላሜራ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ሊያብጥ ስለሚችል ከሌላው ክንፍ ተመሳሳይ ቦታ ጋር ያወዳድሩ፤ በአንዱ ብቻ ካለ አይከራከሩ። ከሥር በኩል ደግሞ የሪቬት ራስ ዙሪያ ቀለም እንደ ቀለበት መሰንጠቁን፣ ቀጭን የመለኪያ ላሜራ ከራሱ ስር መግባቱን፣ ነዳጅ በክንፉ ውስጥ ከሆነ የማፍሰስ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። በሮችና ሽፋኖች እንደ ቀድሞው ካልገጠሙ አካሉ ቅርጹን ቀይሯል።

ከዚያ ይለኩ። አውሮፕላኑን በመመሪያው መሠረት ደልድለው፣ የሁለቱን ክንፎች ዳገት (ወደ ጫፉ ወደ ላይ የሚያዘነብሉበትን ማዕዘን) እና የአቀማመጥ ማዕዘን በየነጥቡ በዲጂታል ደረጃ መለኪያ ያንብቡ። ከጅራቱ መሃል ወደ ሁለቱ ክንፍ ጫፎች በሜትር ይሳቡ። ግራና ቀኝ ሳይገጣጠሙ ከመመሪያው ልዩነት ካለፉ፣ ፍተሻው አብቅቶ ጥገናው ጀምሯል።

ከዚያ የሥሩን ሽፋን አውልቀው ወደ ማያያዣዎቹ ይግቡ። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይጀምሩ። ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ ፈሳሽ) ለመጠቀም ቀለሙ በኬሚካል መነሣት አለበት፤ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጉት ለስላሳው ብረት ተለጥጦ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፣ ፈሳሹም አይገባም። ፔኔትራንት ደግሞ ፊት ላይ የተከፈተውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ለአልሙኒየም ቀዳዳ ውስጠኛ ክፍል ኤዲ ከረንት (ስንጥቅን በኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ)፣ ለብረት ቡሎንና ማያያዣ የማግኔት ዱቄት ፍተሻ ይሻላል። ቡሎን የሚወጣው ክንፉ በተሸፈነ መቆሚያ ከስፓሩ ሥር ተደግፎ፣ አንድ በአንድ ነው። ያልተደገፈ ክንፍ ቡሎን በመዶሻ ከተመታ ቀዳዳው ይጫራል፤ የዛሬው ጭረት የነገው ስንጥቅ ነው። የወጣውን ቡሎን በማይክሮሜትር፣ ቀዳዳውን በልክ መለኪያ ይለኩ። ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ከልኩ በላይ ተሸክሟል።

ላልቶ የተገኘ ቡሎንን ዝም ብሎ ማጥበቅ እዚህ ሥራ ላይ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። መላላቱ ራሱ መልእክት ነው፤ ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ወይ ቡሎኑ ተለጥጧል፣ ወይ መጀመሪያም በልኩ አልጠበቀም። ሲመለስ አዲስ ቡሎን፣ አዲስ ዳዶ፣ መመሪያው ያዘዘው ሮንዴላ ይገባል። የማጥበቂያው ቁጥር ለደረቅ ጥርስ ነው ወይስ ለተቀባ የሚለውን ያጣሩ፤ በደረቅ የታዘዘውን ዘይት ቀብተው ቢያጠብቁ ቡሎኑ ከታሰበው በላይ ይወጠራል።

እንጨት ሌላ ዓለም ነው። የጨመቃ ስንጥቅ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሲሆን፣ ቫርኒሹ ላይ ያለ ጭረት ይመስላል። በፍተሻ ቀዳዳ በኩል መስታወትና የሚታጠፍ መብራት አስገብተው ብርሃኑን በጎን በኩል ካላጋደሉት አይታይም። የጎድን አጥንቶቹ በስፓሩ ላይ የተመቱባቸው ምስማሮች ከወጡ እዚያው ጋ ስፓሩ ተንቀሳቅሷል። በሲታብሪያና በዴካትሎን የእንጨት ስፓሮች ላይ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ይህንኑ ፍተሻ አስገዳጅ አድርጓል። እዚያ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ወንጀለኛ ጂ ብቻ አይደለም፤ የክንፍ ጫፍ መሬት ወይም የሃንጋር በር የነካበት ቀን ጭምር ነው። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ «የጫፍ መብራት ተቀየረ» የሚል መስመር ካገኙ መብራቱ ለምን እንደተሰበረ ይጠይቁ።

ካርቦንና ፋይበር ላይ ዓይን ብዙ አይረዳም። በሳንቲም እያንኳኩ ድምፁ ጥርት ካለ ወደ ድፍን የሚለወጥበትን ቦታ በቾክ ማክበብ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቀጣዩ የአልትራሳውንድ ነው፣ ውሳኔውም የአምራቹ ነው። ሙጫው በሙቀት ስለሚለሰልስ እነዚህ ክንፎች ነጭ የሚቀቡት ለውበት አይደለም። በኤክስትራ 300 አክሮባቲክ ሲበረር የክንፍ ታንኮቹ ባዶ መሆን እንዳለባቸውም ያረጋግጡ፤ ነዳጅ ይዞ ተበርሮ ከሆነ ያ ራሱ ከገደብ ውጪ ነው።

ከክንፉ ውጪ ያለውን አይዝለሉት። ጅራቱ፣ የሞተር መያዣ ቱቦዎች መገጣጠሚያ፣ የመቀመጫና የቀበቶ መያዣዎች ያንኑ ጂ ቀምሰዋል። 12 ኪሎ ባትሪ በ7 ጂ 84 ኪሎ ሆኖ ነበር፤ የተሰነጠቀ የባትሪ ሳጥን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ኤለሮኑን እስከ ጫፍ እያንቀሳቀሱ የሚፋቅ ወይም የሚከብድበት ቦታ ካለ፣ ክንፉ በትንሹ ተጣሞ ማጠፊያዎቹን ከመስመር አውጥቷቸዋል።

አየር ላይ ሳሉ ጥርጣሬ ከመጣ ደግሞ ሥርዓቱ አጭር ነው። ጂውን ወደ 1 ያምጡ፣ ጋዙን ይቀንሱ፣ ክንፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ይመልከቱ። ፍላፕ (ለማረፍ በክንፉ ኋላ ጠርዝ የሚወርደውን ክፍል) አያውርዱ፤ በተጎዳ ክንፍ ላይ አዲስ የመጠምዘዝ ጭነት ነው። ከፍታ ካለ የማረፊያ ፍጥነትዎን እዚያው ላይ ይሞክሩ፤ ኤለሮኑ ወደ ጫፉ መድረስ ሳይጀምር የያዘበት ዝቅተኛ ፍጥነት የማረፊያዎ ፍጥነት ነው፣ ሜዳው ላይ ከዚያ በታች አይውረዱ። ሰፊ መዞር፣ ረጅም ሜዳ፣ ነፋሻ ያልሆነ መስመር ይምረጡ። ፓራሹት ከለበሱ ከየትኛው ከፍታ በታች እንደማይጠብቁ ከመነሣትዎ በፊት መሬት ላይ ይወስኑ።

በመጨረሻ መዝገቡ። የታየውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ጂ፣ ፍጥነቱን፣ ክብደቱን፣ የአካሉን ጠቅላላ ሰዓት፣ የተፈተሸውን ቦታ በቦታ፣ የተጠቀሙበትን የፍተሻ ዘዴ፣ የተቀየሩትን ቡሎኖች ቁጥር ይጻፉ። ምንም ካልተገኘም «ምንም አልተገኘም» ብለው የት የት እንዳዩ ይዘርዝሩ። ማያያዣዎቹን ከጥቂት የበረራ ሰዓታት በኋላ እንደገና የሚከፍቱበትን ቀጠሮም እዚያው ላይ ያስቀምጡ፤ መጀመሪያ ያመለጠ ስንጥቅ ጥቂት በረራ ካገኘ በኋላ ለኤዲ ከረንቱ ይበልጥ ይታያልና።